ከጋሪው በፊት የነበረው ግልቢያ

ሐዋሳ ለጋሪ የተመቸች ከተማ ነበረች። በ1952 ዓ.ም. ሐይቁ ዳር ስትቆረቆር መንገዶቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ ሆነው ሜዳ ላይ ተዘረጉ፤ የታቦርን ተራራ ልውጣ ካላሉ በቀር ፈረስ የሚያስለከልክ ዳገት የለም። ስለዚህ ባጃጅ ሳይበዛ በፊት ከፒያሳ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ አቶቴ ሰውን የምናመላልሰው እኛ ባለጋሪዎች ነበርን።

ፈረሶቻችን ግን የሐዋሳ ተወላጆች አልነበሩም። ከኮፈሌና ከአርሲ ደጋ ነበር የሚወርዱት። ገበያ ላይ ወጣት ድንጉላ ሲቀርብ አዋቂ ሰው አስቀድሞ አፉን ይከፍታል፤ ፈረስ የወተት ጥርሱን መጣል የሚጀምረው ሁለት ዓመት ተኩል ግድም ነው፣ የሚሞላው በአምስት ዓመቱ። ቀጥሎ ደረቱንና ሰኮናውን ያያል፣ ከዚያ ያስኬደዋል። ሶምሶማው የማያንገጫግጭ፣ ወደ ደንገላሳ ሲሻገር አንገቱን የማያወዛውዝ ከሆነ፣ ያ ፈረስ ለግልቢያ ነው። ገዢው ባለጋሪ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ምልክት ዋጋ ከመጨመር አያልፍም። በሦስት ዓመቱ ሦስት ሰው ከነጓዙ ይጭኑበታል፤ ሽምጡ ሳይታይ ጉልበቱ ያብጣል። ብዙ ጥሩ ፈረስ ያለቀው እንዲህ ነው፤ ክፋት አልነበረም፣ የዕለት እንጀራ ነው።

ያው ፈረስ በአገው ምድር፣ አዊ ቢወለድ ሌላ ዕድል ነበረው። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሰኛው እንጅባራ ላይ ተሰብስቦ ለዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ያስባል፤ ጉግሱም፣ ሽርጡም፣ ስግሪያውም አለ። እዚያ ወጣት ፈረስ ከእኩዮቹ ጋር በአደባባይ ይለካል።

ነገሥታቱና መኳንንቱማ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው እንዲያውም ጌታው ካረፉ ከ45 ዓመት በኋላ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ ስሙን ሰጠ። የእኛዎቹ በመልካቸው ነበር የሚጠሩት፦ ዳማ፣ ቦራ፣ አምባላይ። ሲሞቱ ስማቸው ለሚቀጥለው ይተላለፋል።

አንድ ቦራ ግን አልረሳም፤ የጎረቤቴ ነበር። እሑድ ማለዳ ተሳፋሪ ሳይነሳ ጋሪውን ፈትተን ሐይቁ ዳር ስንጋልብ ሁላችንንም ጥሎን ይሄድ ነበር፣ ገና ጥርሱ ሳይሞላ። አንድ የደጋ ሰው አይቶት ለግልቢያ ልግዛው አለ፤ ደህና ብርም ጠራ። ጎረቤቴ አሰበ፣ አሰበና «የሱን ብር በልቼ ነገ ምን እነዳለሁ?» ብሎ እምቢ አለ። ሰኞ ጠዋት ቦራ መናኸሪያ በር ላይ ተራ ይዞ ቆመ።