ያላለቀው ማገዶ፦ የነዳጅ ጣሪያ ትንበያ ከመካነ ሰላም ሲታይ

(ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካዊው የምድር ሳይንስ ተመራማሪ ኪንግ ሀበርት በ1956 ባቀረበው ጽሑፍ የአገሩ የድፍድፍ ነዳጅ ምርት ከ1965 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ጣሪያ ነክቶ እንደሚያሽቆለቁል ተነበየ። ምርቱ በ1970 ጣሪያ ነካ፤ ከዚያም ወረደ። ሀበርት ነቢይ ተባለ። በዚያው ጽሑፍ ግን የዓለም ምርት በ2000 ገደማ፣ በዓመት 12.5 ቢሊዮን በርሜል ላይ ሲደርስ ማሽቆልቆል እንደሚጀምር ገምቶ ነበር። ዘመኑ ሲደርስ ዓለም የምታወጣው የዚህን እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። አሜሪካም ብትሆን ከጠጣር ድንጋይ ንጣፎች ነዳጅ በውሃ ግፊት ማውጣት ከለመደች በኋላ በ2018 የ1970ውን ምርቷን አልፋ ሄደች።

ይህ ክርክር በምዕራብ ደቡብ ወሎ ከምትገኘው ከመካነ ሰላም ከተማ ሆኖ ለሚሰማው የሩቅ ወሬ ይመስላል። በአካባቢዋ ደጋ የእንጀራ ምጣድ የሚሰማው በኩበትና በባሕር ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ የሀበርትን ስሌት የመሰለ ትንበያ በዚህ ደጋ ላይም ተነግሯል፤ ዕጣውም ተመሳሳይ ነው።

የትንበያው ታሪክ በአዲስ አበባ ይጀምራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በከተማዋ ዙሪያ የነበረው እንጨት ተመንጥሮ ማገዶ ከሩቅ ይመጣ ስለነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመፈታት ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆርጡት ደግሞ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አዲስ አበባ መፍረሷ አይቀርም ያሉ የውጭ አገር ሰዎች ያልቆጠሩት ይህን ጠባዩን ነበር።

ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ ያው ስሌት በሳይንስ ቋንቋ ተመለሰ። ኤሪክ ኤክሆልም በ1975 የማገዶ እጥረትን «ሌላው የኃይል ቀውስ» ብሎ ሰየመው። በ1986 የተጠናቀቀው፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያካሄደው የኢትዮጵያ ደጋ መሬት ማገገሚያ ጥናት ደግሞ፣ የአፈሩ መከላት ካልተገታ እስከ 2010 ድረስ 38,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የደጋ መሬት ባዶ ዓለት እንደሚሆን አስጠነቀቀ። «ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለው ቁጥርም በየሰነዱ እየተገለበጠ ይዞር ነበር፤ ምንጩን ለመረመሩ ሰዎች ግን የሚጨበጥ መሠረት አልተገኘለትም።

የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ ወሎን የመረጠው ይህን ሊፈትን ነው። ጣሊያኖች በ1937 ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዞ እዚያው ቦታ እየቆመ እንደገና አነሳ። በ1998 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው በአብዛኞቹ ቦታዎች የዛፉ ቁጥር ከስልሳ ዓመት በፊት ከነበረው በዝቶ ነበር። የጨመረው በየጓሮውና በየማሳው ዳር ገበሬው በእጁ የተከለው ነው። ትንበያውን የሠሩ ባለሙያዎች ደን ሲቆጥሩ ጓሮን ዘለውታል፤ ማገዶ ሲወደድ ችግኝ የሚተክል ሰውም በስሌታቸው ውስጥ አልነበረም።

እዚህ ላይ «ትንበያው ከሸፈ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ብዙዎችም ዘግተዋል። እኔ አልስማማም። ፎቶግራፍ ምድጃ ውስጥ አያይም። ባሕር ዛፉ ብር ያወጣል፤ ስለዚህ አጣናው ወደ ገበያ ይወርዳል፣ ኩበቱ ወደ ምድጃ ይገባል። እበቱ በበጋ ተጠፍጥፎ ይደርቅና ለክረምት ይከመራል፤ ማሳው ደግሞ ከፍግ ድርሻው ይጎድላል። ጃን ቦዮና ዴቪድ ካሴልስ የ1986ቱን ጥናት በ1995 ለዓለም ባንክ ሲከልሱ ያገኙት ይህንኑ ነው። ከአንዱ ማሳ የታጠበው አፈር ብዙው ከታች ባለ መሬት ላይ ስለሚያርፍ የመከላቱ ጉዳት ተጋንኗል። ከዚያ የሚበልጠው ኪሳራ እበትና የሰብል ተረፈ ምርት ከማሳ በመወሰዳቸው የሚጠፋው ለምነት ነው። መዓቱ ቀርቷል ማለት ያስቸግራል፤ ከተጠበቀበት በር ገብቶ አልተገኘም እንጂ።

ጥዱና ወይራው ሲሳሱ ባሕር ዛፍ ተተካ፤ ባሕር ዛፉ ሲወደድ ኩበት ተተካ። የነዳጁም ነገር እንዲሁ ነው። ኮሊን ካምቤልና ዣን ላኸሬር በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ጣሪያው ከ2010 በፊት ይመጣል ብለው ነበር። የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲም በ2010 ሪፖርቱ ከተለመዱት ጉድጓዶች የሚቀዳው ድፍድፍ በ2006 ጣሪያ ነክቶ እንደነበር ጻፈ። ጠቅላላው ምርት ማደጉን የቀጠለው ለማውጣት የሚከብደውና ወጪው የሚበዛው ዓይነት እየተጨመረበት ነው። በሁለቱም ቦታ አንደኛ ደረጃው ቀነሰ፣ ድምሩ አደገ፤ ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው ምንም እንዳልጎደለ ይገምታል።

በዚሁ አካባቢ በስሌቱ የማይገዛ አንድ ቦታ አለ፤ በቦረናና በሳይንት ወረዳዎች መካከል የሚገኘው የደንቆሮ ደን። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ እንደኖረ ይነገርለታል፤ ዛሬ ፓርክ ሆኖ አስታውን፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ይዟል። ያቆየው ጥበቃ እንጂ የማገዶ ዋጋ አይደለም፤ የገበያ ማስተካከያ ሁሉን ያድናል ለሚሉ ሰዎች የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው።

ኩበቱ ከነደደ በኋላ ማሳው የጎደለውን የሚሞላው በማዳበሪያ ከረጢት ነው። በባሕር ዛፍ ሽያጭ ብር የሚገዛው ዩሪያ በባሕር ማዶ ፋብሪካ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ይመረታል፤ ከጅቡቲ ወደብም በናፍጣ በሚሄድ የጭነት መኪና ወደ ደጋው ይወጣል። ኩበት የምታነድ የመካነ ሰላም እናት ከነዳጅ ገበያ ውጭ ናት ብሎ የሚቆጥር ሰንጠረዥ ሁሉ ይህን ከረጢት ዘሎታል።