የሳነቴ እንግዶች

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ የሳነቴን አምባ ሲያቋርጥ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚሁ አምባ ላይ የቆመው ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ከፍታ አለው። በበጋ ሌሊት ውርጩ ውኃ ያረጋል፤ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ይህን ምድር ሊያጠኑ ከባሕር ማዶ የመጡ የተፈጥሮ ሊቃውንት መነጽርና ካርታ ይዘው ቢመጡም፣ ያለ አገሩ ሰውና ያለ አገሩ ፈረስ የትም ሊደርሱ አይችሉም ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት ከስም ይጀምራል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቀይ ቀበሮን በስሜን ተራሮች አግኝቶ ለዓለም ስላስተዋወቀ፣ አውሬው «የስሜን ቀበሮ» ተብሎ በየመጽሐፉ ሠፈረ። ዳሩ ግን አብዛኛው የሚኖረው በባሌ ነው። የባሌ ኦሮሞ አርብቶ አደር «ጀዳላ ፈርዳ»፣ ማለትም የፈረስ ቀበሮ ይለዋል። ልትወልድ የቀረበችን ባዝራ ወይም ላም እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ሲበላ ስላየው ነው። በዚህች አጭር ስም ውስጥ የረጅም ዘመን ትዝብት አለ።

በኬንያ የግብርና ባለሙያ የነበረው እንግሊዛዊው ሌስሊ ብራውን የደጋ አጋዘንን ፍለጋ ወደ ባሌ ተራሮች የመጣው በ1963 ነበር። በዚያው ዓመት፣ የመሬት ግብርና የገባርነት ጭቆና ያስመረረው የባሌ ሕዝብ አመፅ በቆላው ክፍል ተነሣ። ብራውን የአጋዘኑ መኖሪያ እንዲጠበቅ መከረ። በዋቆ ጉቱ የተመራው አመፅ በ1970 ሲያበቃ ብሔራዊ ፓርኩም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። የመሬት ጥያቄው ያልተመለሰለት ሕዝብ፣ የግጦሽ ምድሩ ደግሞ በሌላ ስም መከለሉን ሰማ።

ደጋው ለከብት አርቢው ባዶ ምድር አልነበረም። ከብቱ በጎዳንቱ ሥርዓት ወቅት እየጠበቀ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ይመላለሳል፤ ሆራ የሚባለውን የማዕድን ምንጭም ይጠጣል። ይህን ለመረዳት እንግዳው ችኮላውን መተው ነበረበት። በዚያ አገር ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቁ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። ብርዱን መልመድ ከዚህ ይቀላል።

በ1980ዎቹ ዲንሾ ተቀምጦ የሠራው ክሪስ ሂልማን በ1986 የፓርኩን የአስተዳደር ዕቅድ አዘጋጀ። አርጀንቲናዊው ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪ ደግሞ ከ1988 ጀምሮ ቀበሮዎቹን በእግርና በፈረስ ተከታተለ። በ1991 የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ የፓርኩ ንብረት ወደመ፤ አጋዘኖችም በብዛት ተገደሉ። ወዲያውም የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በጥናቱ ሥፍራ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጀ። በሽታው የመጣው ከመንደር ውሾች ሲሆን፣ ውሻ ግን ጥጃን ከጅብ የሚጠብቅ የቤት ሀብት ነው። ስለዚህ «ውሻ ይወገድ» ማለት የሚሰማው ጆሮ የለም። መፍትሔው በየደጁ እየሄዱ ባለቤቱን ማነጋገርና ውሻውን መከተብ ሆነ፤ ክትባቱም በ1996 ተጀመረ። የቀበሮዎቹን ክትትል የአካባቢው ተወላጆች በፈረስ ያካሂዱታል።

ፓርኩ ሕጋዊ ድንበሩ የታወጀው በ2014፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2023 ነው። ይሁንና ሰውም ከብትም በውስጡ ይኖራሉ፤ የግጦሹ ክርክርም አልተዘጋም።