የአያቴ በገናና የድምፅ ካርዱ

መርካቶ ሰፈሮቿን በሸቀጣቸው ትጠራለች፤ ዶሮ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ጭድ ተራ። ጣልያን በወረራው ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936–1941) የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ባዛወረበት ስፍራ የበቀሉት እነዚህ ተራዎች፣ ሸቀጣቸው ቢለወጥ እንኳ ስማቸውን አይለቁም። ጭድ የከብት መኖ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ግድግዳ ይሆናል። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህን ማንም የሚያውቀውን ነገር ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ያደግሁት በዚያው በጭድ ተራ ነው። በቤታችን ከሁሉ በላይ የሚከበር አንድ ካሴት ነበር። አያቴ በዐቢይ ጾም አንድ ምሽት በገና ሲደረድሩ አባቴ በቴፕ የቀዳው ነው። አያቴ ካረፉ በኋላ ሌላ ቅጂ አልነበረንም። ካሴት ደግሞ በተጫወተ ቁጥር ያረጃል፤ ባዳመጥነው ልክ እናጠፋው ነበር ማለት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያገለገለ ኮምፒዩተር በእጄ ሲገባ ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር ላሻግረው ቆረጥሁ። ያን ጊዜ ነው “የትኛው የድምፅ ካርድ?” የሚለው ጥያቄ የመጣው።

ድምፅን ከአንድ ማደሪያ ወደ ሌላ ማሻገር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመን አገር ድምፁን በሸክላ አስቀርቷል። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ሸክላ የማሳተምን የብቸኝነት መብት ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ። አሊ ታንጎ በካይፋ ሪከርድስ ተከተለው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ፤ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ “ኢትዮፒክስ” በተባለው ተከታታይ ሥራው ያንን ዘመን በሲዲ መልሶ አሰማን። ሆኖም እያንዳንዱ መሻገሪያ ቀረጥ አለው። ከካሴት ወደ ካሴት የተቀዳ ዘፈን የእናቱን ሽውታ ወርሶ የራሱን ይጨምርበታል። እኛ ወጣቶቹ ብዙውን የአባቶቻችንን ሙዚቃ የሰማነው በዚህ ዓይነት የቅጂ ቅጂ ነው።

የድምፅ ካርድም የራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒዩተሮች ከ“ጢጥ” የዘለለ ድምፅ አልነበራቸውም። በ1987 አድሊብ፣ በ1989 ደግሞ የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተር ወጡ፤ ገበያቸውን ያገኙት ግን ከሙዚቃ አፍቃሪው ይልቅ ከጌም ተጫዋቹ ነበር። በ1992 የወጣው ሳውንድ ብላስተር 16 የሲዲን ልክ ያዘ፤ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘግባል። የሚገርመው በ1998 የወጣው ዝነኛው ሳውንድ ብላስተር ላይቭ ነው። ውስጡ የሚሠራው በሰከንድ በ48,000 ልኬት ብቻ ስለነበር የሲዲውን 44,100 ሳይጠየቅ በራሱ ስሌት ይለውጠው ነበር። ዝናው የሰፋ ካርድ ታማኝ ካርድ ላይሆን እንደሚችል ከዚህ ተማርሁ።

መርካቶ ውስጥ ያገለገሉ የኮምፒዩተር ዕቃዎች የሚሸጥ ሰው ካርዶቹን ደርድሮ ስንት ስፒከር እንደሚያናግሩ ያወድስልኝ ጀመር። እኔ ግን የምፈልገው የአንድ ሽማግሌን ድምፅ ነበር። ባለ ሰማያዊ መግቢያ፣ ርካሽና ያገለገለ ካርድ ገዛሁ። በመጀመሪያው ቀን ቴፑን በስሕተት ለማይክሮፎን ከተሠራው ሮዝ ቀዳዳ ሰካሁትና በገናው ተሰባብሮ ወጣ። ወደ ሰማያዊው ሳዛውረው ድምፁ ጠራ፤ ከሥሩ ግን ጎርናና ጉምጉምታ ነበረው። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳልና ጉምጉምታው ከዚያው የሚነሣ ነበር። ቴፑንና ኮምፒዩተሩን ከአንድ ማከፋፈያ ስሰካቸው ጋብ አለ። ማውሱን ባንቀሳቀስሁ ቁጥር በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማውን ጭረት ደግሞ ካርዱን ከሌሎቹ ካርዶች ራቅ ወዳለ ቦታ በማዛወር ቀነስሁት።

ትልቁ ስሕተቴ ግን ከዚህ በኋላ መጣ። የካሴቱ ሽውታ ስላስጠላኝ በድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም አጠብሁት። ጸጥ አለ፤ ኮራሁ። አባቴን ጠርቼ አሰማሁት። ጥቂት አዳመጠና “ልጄ፣ ይሄ የአባቴ በገና አይደለም” አለኝ።

እውነቱን ነበር። የበገና አውታሮች የሚነዝሩት በብርኩማውና በጅማቱ መካከል በምትገባው እንዚራ በምትባል ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ነው። ያ ንዝረት ለፕሮግራሙ ቆሻሻ መስሎ ታይቶታል፤ ለበገና ግን ነፍሱ ነው። ሽውታውን ስጠርግ አብሬ የጠረግሁት እንዚራውን፣ የአያቴን ትንፋሽና ከደጅ የሚሰማውን የሰፈራችንን ድምፅ ነበር። ጭዱን ከጭቃው ለቅሜ አውጥቼ፣ ግድግዳው ለምን ተሰነጠቀ እላለሁ!

ደግነቱ ያልታጠበውን ቅጂ አልደመሰስሁትም ነበር፤ እስከ ዛሬ የምናዳምጠው እርሱን ነው። ያ ካርድ የሚሰካበት ቀዳዳ ዛሬ በአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ በምትኩ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ሣጥን መጥቷል፤ በርካሽ ዋጋም ከያኔው ዝነኛ ካርድ የተሻለ ታማኝነት ይገኛል። መምረጫው ግን አልተለወጠም። ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ ምስጋናው ሳይጨምር ሳይቀንስ መጻፉ ነው፤ የራሱን ቃል የሚያገባ ጸሐፊ እጁ ቢያምርም አይታመንም። የድምፅ ካርድም እንዲሁ ነው። አብሮት የተሸጠውን “ማሳመሪያ” ሁሉ አጥፉና በልባችሁ በምታውቁት አንድ ድምፅ ፈትኑት። ከተቻለ ያንን ድምፅ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አጠገባችሁ ይቀመጥ።

አባቴም ዛሬ የለም። በዚያ ባልታጠበው ቅጂ መጨረሻ ላይ ግን፣ በገናው ካበቃ በኋላ፣ የቴፑን ቁልፍ ሊያጠፋ ሲነሣ የወንበሩ ሲጥታ ይሰማል። ከአባቴ ወጣትነት በድምፅ የቀረልኝ እርሱ ብቻ ነው። አጥቤው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነበር።