ከሌባሻይ እስከ ጣት አሻራ፦ የማስረጃ ታሪክና የጨርጨር ከተሞች

በአገራችን የወንጀል ፍትሕ ታሪክ ውስጥ ሕፃን ልጅ የማስረጃ መሣሪያ ሆኖ ያገለገለበት ዘመን ነበር። ሌባሻይ የተባለው ይህ ልማድ እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በሹማምንት ዘንድ ጭምር ይሠራበት ነበር። ንብረት ሲሰረቅ ለአንድ ታዳጊ ወንድ ልጅ አእምሮ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ትምባሆም ያጨሳል። ከዚያም ወገቡን ታስሮ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ካሣ ይጠየቃል። ፍትሐ ነገሥት ምስክር ሲጠይቅ፣ ሌባሻዩ ግን ሊጠየቅ የማይችል ምስክር ነበር። ይህ ጉዳይ በመማሪያ ክፍል እንደ ማሳቂያ ተረት ብቻ መቅረቡ ተገቢ አይደለም፤ የተጎዱት ሁለት ናቸውና፣ ተከሳሹና ልጁ።

አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ከዚህ ይሻል ነበር። የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ እንዳይበተን ይደረጋል፤ ካልታወቀም ካሣው በነዋሪው ላይ ይወድቃል። ሥርዓቱ የቆመው ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል በሚል እምነት ላይ ነው።

በጨርጨር ይህ እምነት መፈተኑ አልቀረም። የኢቱ ኦሮሞ ሽማግሌዎች በኦዳ ቡልቱም ጉባኤ በአባቶች ሕግ ሲዳኙ ኖረዋል፤ በዚያም ዳኝነቱ የሚተዋወቁ ሰዎች ዳኝነት ነበር። የባቡር ሐዲዱ በሚኤሶ በኩል ካለፈ በኋላ ግን፣ በ1910ዎቹ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውራጃውን ሲገዙ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ በአዲስ መልክ ተቈረቈረች። በገለምሶ፣ በበዴሳና በሂርና ገበያ ቡና የሚሸምት እንግዳ በዛ። በማለዳ ባቡር የሚሳፈርን መንገደኛ ጎረቤት ከቶ እንዴት ሊመሰክርበት ይችላል?

በውጭው ዓለም መልሱ ከዕቃውና ከአካሉ ይፈለግ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 በአርጀንቲና አንዲት ነፍሰ ገዳይ በጣት አሻራዋ ተለየች፤ በ1910 ኤድሞን ሎካር በሊዮን የፖሊስ ላቦራቶሪ አቋቋመ። በኢትዮጵያ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መርማሪ ፖሊስ ተጠርጣሪውን በማስፈራራት ቃል እንዳይቀበል ከለከለ፤ እንደ አስፈላጊነቱም የተጠርጣሪው አካል በሐኪም እንዲመረመር ፈቀደ።

ሕጉ ጭሮ ሲደርስ ላቦራቶሪው አብሮ አልደረሰም። የአስከሬን ምርመራ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው በአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የተወሰነ ነበር፤ ከጭሮ እስከዚያ መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።