የአፄ ዮሐንስ አዋጅና አንቀጽ 525

አፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) በትምባሆ ላይ የነበራቸው አቋም የማያወላውል ነበር። በዘመኑ አገራችንን ያዩ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት፣ ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን ይቆረጥ ነበር። ለቅጣቱ ምክንያት የሆነው የጤና ጉዳይ አልነበረም። ትምባሆ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ተክል ነው የሚል ትረካ በሕዝቡ ዘንድ ሰፍኖ ነበር፤ ከዚህ አንጻር ማጨስ የእምነት ክህደት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ንጉሡ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖት ክርክርን በአንድ ውሳኔ ለመቋጨት የሞከሩ ሰው እንደመሆናቸው፣ ጭስንም በአዋጅ ማጥፋት ይቻላል ብለው ማመናቸው አያስገርምም። አልጠፋም እንጂ! ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ አዋጁ ከባለቤቱ ጋር አልፎ ነበር፤ ትምባሆው ግን ቀርቷል። ከጣሊያን ወረራ በኋላማ መንግሥት ራሱ በሞኖፖል ያዘውና አምራችም ሻጭም ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የዚሁ የትምባሆ ድርጅት 40 በመቶ ድርሻ ለአንድ የጃፓን ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ትናንት አፍንጫ ያስቆረጠው ቅጠል የውጭ ምንዛሪ ማግኛ ሆነ ማለት ነው።

የነገሩ ሦስተኛ ምዕራፍ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ነው። አዋጁ የትምባሆ ማስታወቂያን አገደ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ከለከለ፤ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስን አስቀረ፤ ፓኮው ላይ የሥዕል ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዘዘ። ልብ ማለት የሚገባው እዚህ ጋ ነው፦ ሕጉ ሻጩንና ቦታውን ይቆጣጠራል እንጂ አጫሹን በሱሰኛነቱ አይከስም። ከንፈር ከመቁረጥ እዚህ ለመድረስ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶብናል። የእኔ ክርክር ቀላል ነው፤ በሌሎቹ አደንዛዥ ዕፆች ላይ ይህን ረጅም መንገድ እንደገና ከመጀመሪያው መጓዝ የለብንም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን የዚህን ትምህርት ምልክት አያሳይም። አንቀጽ 525 አምራቹን፣ አዘዋዋሪውንና ተጠቃሚውን በአንድ ርዕስ ሥር አስቀምጧቸዋል፤ ቅጣቱ ቢለያይም ሦስቱም ወንጀለኞች ናቸው። ዓለም አቀፉ ሕግ አስገድዶን ነው የሚል ካለ ደግሞ ሰነዱን መመልከት ይበቃል። የ1961 እ.ኤ.አ. የአደንዛዥ ዕፆች ነጠላ ኮንቬንሽን በ1972 በፕሮቶኮል ሲሻሻል፣ አገሮች ሱሰኛ ሆኖ የተገኘን አጥፊ በፍርድ ፋንታ ወደ ሕክምናና ማገገሚያ እንዲልኩ በግልጽ ፈቅዷል። ስለዚህ በሩን የዘጋብን የውጭ ግዴታ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ተቃውሞ፣ ተጠቃሚውን አለመቅጣት ወጣቱን ወደ ዕፅ ይገፋል የሚል ነው። ለዚህ መልስ ሁለት የውጭ ምሳሌ ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ፖርቱጋል በ2001 እ.ኤ.አ. ለግል ፍጆታ የሚያዝን ዕፅ ከወንጀልነት አውጥታ፣ ጉዳዩን የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ባለሙያ ወደተሰየሙበት ኮሚሽን አዛወረች፤ ሕክምናውንም አብራ አስፋፋች። በመርፌ በሚወሰድ ዕፅ ሳቢያ የሚያዘው አዲስ የኤች.አይ.ቪ. ሕመምተኛ ቁጥር በእጅጉ ወረደ። የአሜሪካው የኦሪገን ግዛት በ2020 ተመሳሳይ ሕግ ቢያወጣም ሕክምናው በወቅቱ አልደረሰም፤ በ2024 ሕጉን መልሶ ሻረ። እንግዲህ ተቃዋሚው ግማሽ እውነት ይዟል፦ ቅጣቱን ብቻ አንስቶ ሐኪም ሳያዘጋጁ መቅረት ውድቀት ነው። ይህ ግን ሐኪም የማዘጋጀትን አስፈላጊነት ያስረዳል እንጂ እስር ቤትን አያጸድቅም።

«ድሃ አገር ነን፤ ሐኪሙስ የት አለ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተመሠረተ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱን የአእምሮ ሕክምና ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ኖሯል። በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የካ ኮተቤ ሆስፒታል ይህን ሸክም ሊጋራ በአእምሮ ሕክምና ተስፋ ቢጀመርም፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ለወረርሽኙ ማከሚያ ተሰጠ። ሱስን እንደ ሕመም ማየት ማለት እንዲህ ያለውን አልጋ መቁጠር ማለት ነው። ደግሞም አብዛኛው ታካሚ በአንቀጽ 525 የሚከሰስ ሰው አይሆንም። በአገራችን ትልቁ ጉዳት የሚመጣው በሕግ ከሚሸጠው መጠጥ፣ ከጫትና ከሲጋራ ነው፤ እነዚህን የሚያክመው ክፍል ሌላውንም ማከም አያቅተውም። የምሥራቅ አፍሪካ ምሳሌም አለ፦ ታንዛኒያ በ2011፣ ኬንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ለሄሮይን ሱሰኞች ሜታዶን የተባለውን መድኃኒት መስጠት ጀምረዋል። እነሱም ቢሆኑ ሀብታም አገሮች አይደሉም።

ከሐኪሙ በፊት ሕዝቡ የሚሄድበትን ቦታም መርሳት አይገባም። የእንጦጦ ኮረብታ ፀበሎች መንግሥት የአእምሮ ሕክምናን ሳያስብ በፊት ጀምሮ መዳን የሚፈልገውን ሁሉ ሲቀበሉ ኖረዋል። ሱስ ክፉ መንፈስ ነው ብሎ ለሚያምን ቤተሰብ የሐኪም ክኒን ከእምነቱ ጋር የሚጋጭ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም እዚሁ ኮረብታ ላይ አንድ ጊዜ ይህ ግጭት ተፈትቷል። የኤች.አይ.ቪ. ሕመምተኞች ፀበሉን ተማምነው መድኃኒት እያቋረጡ ሲያልቁ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ፀበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ያን ጊዜ ማንም ሕመምተኛ በሽታውን በመያዙ ፖሊስ አልጠበቀውም፤ ለዚህም ነው ምክሩ ሊሰማ የቻለው። ክስ የሚፈራ ሱሰኛ ግን ለጠባቂው ካህንም ሆነ ለነርሷ ምን እንደሚወስድ አይናገርም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይመስለኛል። አዘዋዋሪው ላይ ያለው ቅጣት እንዳለ ይቆይ፤ በእሱ ላይ ክርክር የለኝም። የተጠቃሚው ንዑስ አንቀጽ ግን ዳኛው ወደ ሕክምና መላክ የሚችልበት ሆኖ ይሻሻል። ይህ ከመሆኑ በፊት ደግሞ የጤና ሚኒስቴር እንደ የካ ኮተቤ ባሉ ሆስፒታሎች ውስጥ ለሱስ ሕክምና የተለየ በጀትና ባለሙያ ይመድብ፤ የኦሪገን ስህተት የተፈጠረው ይህ ቅደም ተከተል ስለተገለበጠ ነውና።