ከዩኒቨርሲቲ በር በፊት፦ መጠጥና ተማሪ በዊንጌት

በአዲስ አበባ ጉለሌ የሚገኘው የዊንጌት ሰፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ በቆመው በዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ በፈተና የተመረጡ ወንዶች ልጆች እየበሉና እያደሩ ተምረዋል። ብዙዎቹም እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተሻግረዋል።

እነዚህ ልጆች መጠጥን በትምህርት ቤት አላወቁትም፤ ከቤታቸው ያውቁት ነበር። ጠላ ለክርስትና፣ ለሰንበቴ፣ ለማኅበር፣ ለሠርግና ለተዝካር ይጠመቃል። ለልጅ ቅራሪ ማቅመስ በብዙ ቤት እንደ ነውር አይታይም። በአዲስ አበባም ጠላ የሚሸጥበት ቤት በደጁ ላይ እንጨት ተክሎ ጣሳ ይደፋል። ይሁን እንጂ ቅራሪና አረቄ አንድ አይደሉም፤ ዳግም አረቄ 45 በመቶ ገደማ አልኮል ሊይዝ ይችላል።

ቢራው የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1922 ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ግል ተዛወረ። የሐረርና የበደሌ ቢራ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሜታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ለውጭ ኩባንያዎች ተሸጡ። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ከረረ፤ የቢራ ማስታወቂያም በቴሌቪዥን የወጣቱ የዕለት እንግዳ ሆነ።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የቤተሰብና የቅርብ ጓደኛ ተጠቃሚነት ከተማሪው መጠጥ፣ ጫትና ሲጋራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ዋና ነጥብ ነው፤ ልማዱ ከካምፓስ በፊት ሊጀምር እንደሚችል ይጠቁማል። ከፍ ያለ መጠን መጠጣት እንቅልፍን፣ ትውስታንና የክፍል ክትትልን ይጎዳል፤ ውሳኔ የሚሰጠው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ አይበስልም። የሁሉም ውድቀት ምክንያት ግን መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ድህነትና የቤት ችግር ሁለቱንም ሊያስከትሉ ይችላሉ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ክልሎቿ የመጠጥ ዕድሜን 21 እንዲያደርጉ ገፋፋች። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓ.ም.) ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ መሸጥን ከለከለች፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣች።

የዊንጌት አዳሪነት ቀርቶ ግቢው ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ሆኗል። አዋጁ ጠርሙሱን ቢይዝም ጠላና አረቄ ቤቱን ለመያዝ ይቸገራል። ስለዚህ ስለ መጠጥ የሚሰጥ ምክር ለዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎች መቀበያ ቀን ሊቆይ አይገባም፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ ወላጆችም ባሉበት፣ መሰጠት አለበት።