የሚያድን ልባጥ
ደብረ ወርቅ ማለት የወርቅ ተራራ ማለት ነው። ወርቅ አይዝግምና አንጥረኛ መዳብን በወርቅ ሲለብጥ ጌጥም ጥበቃም ይሰጠዋል። የተሰበረ አጥንት የሚደግፈውንም ብረት የሰውነት ጨዋማ ፈሳሽ ቀስ በቀስ ሊበላው ስለሚችል፥ ልባጥ ይጠቅመዋል።

እ.ኤ.አ. በ1852 ዊልያም ግሮቭ የተባለው ሊቅ አየሩ በሣሣ ዕቃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ፥ ከሽቦው ጫፍ የተነሣ ረቂቅ ብናኝ በብር ሠሌዳ ላይ ሲያርፍ ተመለከተ። በ1928 ኢርቪንግ ላንግሙይር እንዲህ ላለው በኤሌክትሪክ የሚያበራ ጋዝ «ፕላዝማ» የሚለውን የደም ፈሳሽ ስም ሰጠው። በየመሥሪያ ቤታችሁ ለብዙ ዘመን ያገለገለው የፍሎረሰንት መብራት በውስጡ ይኸው ፕላዝማ አለ፤ መስተዋቱን ግን አያቀልጠውም። በዚህ ጠባዩ ምክንያት ብረቱን ቀርቶ ሙቀት የማይችለውን ፕላስቲክ እንኳ በስስ ልባጥ ለመሸፈን ተችሏል።

የጌጥ ልባጥ ቢላጥ ዕቃው ይዝጋል፤ የሕክምናው ቢላጥ ግን ሕመምተኛው ዳግመኛ ለቀዶ ሕክምና ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው ማብረቅረቁ ሳይሆን መጽናቱ ነው።